በሩን ዝጋ

ያኔ ስም አልነበረንም። ሐል ከተማ፣ ወደቡ ዳር፣
በአሮጌ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት አራት ሆነን ስንዳክር፣
መርከቦቹ ከቆሙ፣ ዓሣው ካለቀ ዓመት አልፎት፣
ሽታው ግን ከግንቡ ጋር ተጣብቆ፣ እንደ ደባል ከርሞበት።

ኪራዩ በሳምንት አራት ፓውንድ። ማሞቂያ የለ፣ መስኮት የለ።
የከበሮ መምቻው ዱላ ጣቴ ላይ በረዶ መሰለ።
"ሬሳ እንኳ ካንቺ ይፈጥናል" ይለኝ ነበር ክላይቭ እየሳቀ፤
እሱም ሲዘፍን ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ከቃሉ ፊት እየፈለቀ።

በብረቱ በር ላይ በቀይ ቀለም፣ በደማቁ፣
ለጫኝና ለአውራጅ የተጻፈ፣ ብርዱ አምልጦ እንዳይወጣ ሲጠነቀቁ፦
"በሩን ዝጋ።"
ኔቪል ቤዙን እንደታቀፈ አንጋጦ አነበበና፣
"ስማችን ይሄ ነው" አለ። ማንም አልተቃወመም፤ በርዶን ነበርና።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ? የእኛን ያወጣው መልአክ
ቱታ የለበሰ ነው፣ ብሩሽ ይዞ ከበሩ ሥር የሚንበረከክ፣
ምናልባት በዚያው ሳምንት ከሥራ የተቀነሰ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ በዚያው በር ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ።

ዘፈኖቻችን አጫጭር፤ ሦስት ደቂቃ ከሞሉ ብዙ፣
ስለ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ስለ ፍሎረሰንት መብራት፣ ስለ ደመወዝ መዘዙ።
ጂሊያን ባክስቷ ውርስ የገዛችው ሲንተሳይዘር
እንደ ጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይጮኻል፤ ደረቅ ነው የክላይቭ ጊታር።
በዚያ ቤት ውስጥ ሙቀት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦
የኔቪል ቤዝ። ከወለሉ በእግሬ ገብቶ ደረቴ ውስጥ የሚያድር።

ከለንደን አንድ ሚስተር ሃርትኖል፣ ጫማው የሚያበራ፣ ቸኮል ያለ፣
"ስቱዲዮ ውድ ነው" ብሎ፣ መቅረጫውን በጭነት መኪና ላከ፣ እዚያው አስተከለ።
"የአልበሙ ርዕስ ማን ይባል?" ክላይቭ "የጨው ሒሳብ" ይላል፣
ጂሊያን "ሰኞ ብቻ"፤ እኔ ምንም። ኔቪል ዝም ብሎ ገመድ ይጠቀልላል፣
በክርኑና በአውራ ጣቱ መሐል፣ ቀስ እያለ፣
እናቱ የሱፍ ክር ስታጠነጥን እንዳየ ልጅ፣ አንገቱን እንዳዘነበለ።

በአሥረኛው ቀን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ግድም፣ የመጨረሻው ዘፈን መሐል፣
ኔቪል መጫወቱን አቆመ።
ቤዙን ወለሉ ላይ አስተኛ፣ እንደ ሕፃን፣ ፊቱን ወደ ላይ።
ካራቫን ፋብሪካ ሥራ እንደጀመረ፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር እንደነበረች
ኋላ ነው የሰማነው። ያኔ የሰማነው እርምጃውን፣
ማጠፊያው ሲያቃስት፣
የሀምበር ወንዝ ነፋስ ገብቶ ወረቀቶቹን ሲያነሳ።
እኔ አላቆምኩም። ብቻዬን መታሁ፣ ሌላ የማደርገውን ባላውቅ።
ከዚያ ክላይቭ፣ ማይክሮፎኑ ፊቱ እንዳለ፣ በተሰበረ ድምፅ፦
"በሩን ዝጋ!"

ቴፑ ይዞር ነበር።

ሃርትኖል ሊቆርጠው ሲል ጂሊያን እጁን ያዘች።
የሁለተኛው ገጽ ማብቂያ ያ ነው፣ መርፌው ከመነሳቱ በፊት፤
እርምጃ፣ ማጠፊያ፣ ከበሮ፣ ያ ጩኸት።
የመዘጋት ድምፅ የለበትም፣ ብትጠብቁም እስከ ጧት።

አንድ የጋዜጣ ተቺ ጻፈብን፦ "ለአልበማቸው ስም ቢቸግራቸው
የራሳቸውን ደገሙት፤ ስንፍና ነው የተጠናወታቸው።"
መልስ አልጻፍንም። ሁለቱ አንድ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤
የፊተኛውን ከበር ላይ በነጻ አገኘነው፤ የኋለኛውን በነጻ አላገኘንም።

ዘጠኝ መቶ ቅጂ ተሸጠ። በዓመቱ ቡድኑ ፈረሰ።
ክላይቭ ምንጣፍ ይሸጣል። ጂሊያን ኒውዚላንድ ናት።
እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት።

ባለፈው የካቲት በአንላቢ መንገድ አንድ ሽማግሌ ተሳፈረ፣ ከውሻው ጋር።
የጡረታ ካርዱን አሳየኝ። ከዚያ የውሻውን ገመድ
በክርኑና በአውራ ጣቱ መሐል ጠቀለለ፣ ቀስ እያለ።
አልተናገርኩም። አልተናገረም። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤
እግሩ ግን የሞተሩን ምት ተከትሎ ወለሉን ረገጠ፣ ረገጠ።
በሦስተኛው ፌርማታ ወረደ። ዝናብ ነው። እጄ ቁልፉ ላይ ቆየች፤
ብርዱ ገባ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች፦
"በሩን ዝጊ እንጂ!"